ጓዝ ጠቅልሎ ቤት መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን 6 ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። የእህቶቼንና የጓደኞቼን ጓዝ ስጠቀልል ያለፉት ቅዳሜዎች ሲጨመሩ ቁጥሩ ይበዛል። ከዘመድ ወዳጅ መካከል ቤት ሊለቅ ያሰበ ሰው ሁሉ ስለሚደውልልኝ፣ ዘወትር የምጠየቀውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ካርቶን መፈለግ ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ፦ አስቀድማችሁ አዲሱ ቤት ሂዱና ተረጋግታችሁ እዩት። ዕቃ በሚጓጓዝበት ቀን ሰውን የሚያስለቅሰው የተሰበረ ሳህን አይደለም። በበሩ አልገባ ያለ ሶፋ፣ ጠብ የማይል ቧንቧ፣ መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ የሚጀመር የዋጋ ክርክር ነው የሚያስለቅሰው።

አዲሱን ቤት ሳይ ምን ምን ልፈትሽ?

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የዋናውን በር ስፋት፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ የመኝታ ቤቱን በር ለኩ። ከዚያ ቤታችሁ ተመልሳችሁ ቁምሳጥኑን፣ ሶፋውንና ፍሪጁን ለኩ። አብዛኞቹ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ሊፍት የላቸውም፤ ደረጃቸውም ሰፊ አይደለም። እኔ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋዬ አራተኛ ፎቅ ሊደርስ አንድ መታጠፊያ ሲቀረው ተቀርቅሮብኝ ያውቃል። መልሰን አወረድነውና በገመድ በበረንዳ ተጎትቶ ገባ። ከታች ቆሜ ሳይ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ገመዱ ቢበጠስ ከሥር ሰው ነበረ። አሥር ደቂቃ ወስጄ ብለካው ኖሮ እግሮቹን ፈትቼ፣ መደገፊያውን ለይቼ አወጣው ነበር።

ቀጥሎ መብራቱን እዩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ገደማ ነው፤ ይህ ተራ ሶኬት ሊሸከም ከሚችለው ጫፍ ላይ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ውስጥ ለምጣድ የተለየ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ ከመግባታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋው፤ ወጪውን ማን እንደሚችል ደግሞ ከአከራዩ ጋር ያኔውኑ ተነጋገሩ። ሶኬቱ ዙሪያውን ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ካያችሁ የቀድሞው ተከራይ ምጣዱን እዚያ ላይ ሲሰካ ኖሯል ማለት ነው።

ስለ ውሃ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤትን ጠይቁ። «ውሃ አለ ወይ?» ካላችሁ መልሱ «አለ» ነው። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? ላይኛው ፎቅ ይደርሳል?» በሉ። ሮቶ ካለ ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ለጋራ? ፈረቃው ማክሰኞ ሌሊት ከሆነና እናንተ ረቡዕ ከገባችሁ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ በጀሪካን ነው የምትኖሩት።

ዕቃ መጠቅለል መቼ ልጀምር?

ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሳምንት ይበቃል። መጀመሪያ ለበዓል ብቻ የሚወጡትን፣ መጻሕፍቱን፣ ቡፌው ውስጥ ያሉትን ብርጭቆዎች አንሱ። ወጥ ቤቱን ለመጨረሻ ሁለት ቀን ተዉት። ሁሉን በአንድ ሌሊት እጠቀልላለሁ ያለ ሰው ጠዋት ላይ ድስቱንና ጫማውን አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ።

ውሉ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ይህን ይዛችሁ ተነጋገሩ። የደላላውንም ክፍያ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ቤቱን ከወደዳችሁት በኋላ የመደራደር አቅማችሁ ያልቃል።

ቁልፍ ስትረከቡ ባዶውን ቤት በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ግድግዳ ላይ ያለ እርጥበት፣ የቆጣሪው ንባብ ሁሉ ይግባበት። ቪዲዮውን ለአከራዩ በዚያው ቀን በቴሌግራም ላኩለት። የምትለቁትንም ቤት ጠርጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እንዲሁ ቅረጹ። ክፋት አይደለም፤ ሁለታችሁንም ከጭቅጭቅ የሚያድን ነው።

ምን ዓይነት መኪና ልከራይ?

አልጋ፣ ሶፋ፣ ፍሪጅና ቁምሳጥን ካላችሁ አይሱዙ ያዙ። ፒክአፕ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ከአይሱዙው ይበልጣል። በየምልልሱ ደግሞ አንድ ሰው አዲሱ ቤት፣ አንድ ሰው አሮጌው ቤት ዕቃ መጠበቅ አለበት። አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ብቸኛ ሰው በፒክአፕ ወይም በአባዱላ ይወጣል።

ሹፌሩን ከምታውቁት ሰው በኩል ብታገኙት ይመረጣል። ካልሆነ የታርጋውን ቁጥርና መንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንሱ፤ ደህና ሹፌር አይከፋውም። በምንም ምክንያት ዕቃው ከሹፌሩ ጋር ብቻውን አይሂድ። አንድ የቤተሰብ ሰው ጋቢና ይቀመጥ። ዋጋ ስትነጋገሩ መኪናው እስከ በሩ መግባት ይችል እንደሆነ፣ ብትዘገዩ ጭማሪ አለ ወይ የሚለውን በግልጽ ጨርሱ። ለጭነት መኪና ሰዓት የተገደበባቸው መንገዶች ስላሉ በየት በኩል እንደሚሄድም ጠይቁት።

ጫኝና አውራጆችን እንዴት ላናግር?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። መኪናው ሰፈር ሲገባ የአካባቢው ልጆች ይከቡታል፤ ዋጋው እዚያው፣ ሹፌሩ እየቸኮለ፣ ልጆቻችሁ እያለቀሱ ይጠራል። በዚህ ሁኔታ ማንም ደህና ዋጋ አይደራደርም።

መድኃኒቱ ከአንድ ቀን በፊት መሄድ ነው። አዲሱ ሰፈር ሂዱና የተደራጁት ልጆች እነማን እንደሆኑ ጥበቃውን ወይም የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቁ። ኃላፊያቸውን በስሙ አግኙት። ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ንገሩት፤ ከተቻለ ፎቶውን አሳዩት። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚሠራ፣ ዕቃውን በር ላይ ጥለው እንደሚሄዱ ወይም ክፍል ውስጥ እንደሚያስገቡ፣ አልጋና ቁምሳጥን መግጠም እንዳለበት እንደሌለበት ተነጋግራችሁ በአንድ ዋጋ ቁረጡ። የተባባላችሁትን በስልክ መልእክት ላኩለት። ክፍያው ሥራው ሲያልቅ ይሁን፤ ደረሰኝ ካላቸው ተቀበሉ።

ሰዎቹን በክብር አናግሩ። ፍሪጅ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው። ውሃና ዳቦ አዘጋጁላቸው። «ወንድሜ፣ ይሄኛው የእናቴ መታሰቢያ ነው፣ ቀስ በልልኝ» ብላችሁት ዕቃ የሚጥል ልጅ አላጋጠመኝም። የሚያስፈራራ፣ ዕቃ አላስወርድም ብሎ የሚያግድ ከመጣ ግን ንብረቱ የእናንተ ነው፤ ከመጨቃጨቅ ወደ ፖሊስ በ991 ደውሉ፣ ወይም ወረዳውን አሳውቁ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከኮንዶሚኒየም ስትወጡ ብዙ ቦታ ጥበቃው ከአከራዩ ወይም ከኮሚቴው የተፈረመ ወረቀት ካላየ ዕቃ አያስወጣም። ቀድማችሁ አስፈርሙ። አከራዩ ክፍለ ሀገር ሄዶ፣ ስልኩም ዝግ ሆኖ፣ የተጫነ አይሱዙ በር ላይ ግማሽ ቀን ሲቆም አይቻለሁ።

ካርቶንና መጠቅለያ ከየት ላግኝ?

መግዛት አያስፈልግም። የሰፈር ባለሱቅን ከሳምንት በፊት «የፓስታና የዘይት ካርቶን አስቀምጥልኝ» በሉት። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን ነው የሚገባው፤ ትልቁን ከሞላችሁት ሥሩ ይበጠሳል። ልብስ ካርቶን አይፈልግም፣ ማዳበሪያ ይበቃዋል። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ፎጣ ደግሞ ከሁሉ የተሻሉ መጠቅለያዎች ናቸው፤ እነሱም መሄዳቸው ካልቀረ ብርጭቆውን፣ መስታወቱንና ቴሌቪዥኑን ይልበሱላችሁ።

ካርቶኑ ላይ «ልዩ ልዩ» ብላችሁ አትጻፉ። «ወጥ ቤት 3፣ ስኒና ማንኪያ» በሉ፤ ጽሑፉም ከላይ ሳይሆን ከጎን ይሁን፣ ሲደራረብ ከላይ ያለው አይታይም። ከአልጋና ከቁምሳጥን የወጣ ብሎን በፌስታል ሆኖ እዚያው እንጨቱ ላይ በፕላስተር ይታሰር።

ምጣዱ፣ ጀበናው፣ ቅመሙ እንዴት ይጓዝ?

ወጥ ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቤት ነፍስ እዚያ ናት።

ምጣድ መነቅነቅ አይወድም። አክንባሎውን ለዩት፣ ምጣዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉና ፍራሽ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከላዩ ምንም አይጫን። እኔ የተሟሸ የአሥር ዓመት ምጣድ ከሥሩ ወንበር ሆኖ ተጉዞ ለሁለት ተሰንጥቆብኛል። አዲስ ገዝቼ፣ በጎመን ዘር አሟሽቼ፣ እንደ ድሮው እንጀራ እስኪያወጣ ድረስ ወራት ፈጅቶብኛል። አዲሱ ቤት ስትደርሱም ሳይቸኩል በቀስታ ይሙቅ።

ጀበናውን ውሃውን አንጠፍጥፋችሁ፣ አንገቱን በጨርቅ ሞልታችሁ ጠቅልሉት፤ የሚሰበረው አንገቱና ጡቱ ነው። ስኒ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አፉ ወደ ታች ይደርደር። መሶብ ባዶውን አይሂድ፤ ነጠላና ቀላል ልብስ ሙሉበት፣ ከተጨፈለቀ ስፌቱ ቅርጹን አይመልስም። ሙቀጫው ከካርቶን ውጭ ለብቻው ይሂድ።

በርበሬና ሽሮ ክዳናቸው በፕላስተር ይታሸግ፤ በርበሬ አልጋ ልብስ ላይ ከተደፋ ወር ሙሉ ስታስነጥሱ ትከርማላችሁ። ቅቤ ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ሆኖ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚረሳው እርሾን ነው። ከመልቀቃችሁ ሁለት ቀን በፊት እንጀራ ጋግሩ፤ ለዕቃው ቀንና ለማግስቱ ይበቃችኋል። ሊጡ ላይ ከሚጠልለው እርሾ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀንሳችሁ ያዙ። ክዳኑን ግን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ይነፋና ይፈነዳል። ጠርሙሱም ግማሽ ብቻ ይሞላ። በዚህ ምክንያት እናቴ ከድሮ ቤቷ ይዛው የወጣችው እርሾ ዛሬም በቤታችን አለ።

ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያስ?

ፍሪጁን ከአንድ ቀን በፊት ንቀሉት፣ በረዶው ይቅለጥ፣ በደንብ ይወልወል። ቆሞ ይጓዝ። ቆሞ ከሄደ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፤ የግድ ከተጋደመ ግን አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ሳይቆይ አትሰኩት፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የአዲሱን ሰፈር መብራት ገና ስለማታውቁት ስታብላይዘር ይኑረው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ከበሮውን የሚያስሩ ረጃጅም ብሎኖች ነበሩት። ካልጣላችኋቸው መልሳችሁ ግጠሟቸው፤ ያለ እነሱ ከበሮው እየተላጋ ይሄዳል። የጋዝ ሲሊንደር ከምድጃው ተፈትቶ፣ ቧንቧው ተዘግቶ፣ ቆሞ በክፍት መኪና ይሂድ እንጂ ከሰው ጋር በተዘጋ መኪና አይሂድ። ለዲሽ ሠራተኛም አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ።

ትኋን ይዤ እንዳልሄድ፣ እዚያም እንዳይጠብቀኝ እሰጋለሁ።

ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ማንም ቤት ይገባል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ባዶውን ቤት ስታዩ በስልክ መብራት የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የበሩን መቃንና የሶኬቱን ጠርዝ ፈትሹ፤ እንደ ቀለም ነጠብጣብ የሆኑ ጥቋቁር ምልክቶች ካሉ ትኋን አለ። ማስረጨት የሚቻለው ቤቱ ባዶ ሳለ ነው። ከእናንተ በኩል ደግሞ አንሶላና ልብሱን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያዎች ፈትታችሁ አንድ በአንድ እዩ። ያገለገለ ፍራሽ ከመንገድ አትግዙ።

የማያስፈልገኝን ዕቃ ምን ላድርገው?

ዓመት ሙሉ ያልነካችሁት ነገር አራተኛ ፎቅ ድረስ የሸክም ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ብረት ቆራሌው ይውሰድ፤ ልዋጭ ካለፈች ልብሱን በፕላስቲክ ዕቃ ትለውጥላችኋለች። ደህና ሆኖ የጠበበ የልጆች ልብስና ጫማ ግን ለሚያስፈልገው ጎረቤት ስጡ፤ ታጥቦና ተጣጥፎ ይሁን።

በክረምት ቤት መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፣ ነገር ግን በጠዋት ይሁን። የአዲስ አበባ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያዘንበው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጭናችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ለመጨረስ አስቡ። መኪናው ሸራ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ፤ «አለ» የተባለው ሸራ ሲዘረጋ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልሉ።

ከተቻለ ጳጉሜን ጥሩ ጊዜ ናት። ብዙ አከራዮች ኪራይ አይቆጥሩባትም፣ ልጆችም ትምህርት አልጀመሩም። የወር መጨረሻ ቅዳሜና እሁድን ግን ሽሹ፤ ሁሉም ቤት የሚለቀው ያኔ ስለሆነ የአይሱዙ ዋጋ ይንራል።

መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔትና መታወቂያስ?

የምትለቁትን ቤት ሂሳብ ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ በቴሌብር ከከፈላችሁ መልእክቱን አታጥፉት። በአዲሱ ቤት ደግሞ ያለፈው ተከራይ ያልከፈለው ውዝፍ እንደሌለ በቆጣሪው የደንበኛ ቁጥር አጣሩ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱን ከቁልፉ ጋር ተረከቡ። የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ነው። የቤት ኢንተርኔት ካላችሁ ወደ 994 ደውላችሁ የአድራሻ ዝውውር ጠይቁ፤ መስመሩ አዲሱ ሰፈር መኖሩ መረጋገጥ ስላለበት አስቀድማችሁ ጀምሩ።

ወረዳ ከቀየራችሁ ከድሮው ወረዳ መሸኛ አውጡ። «በኋላ» የተባለ መሸኛ መታወቂያው ሲያልፍበት ነው የሚታወሰው። የልጆች ትምህርት ቤት ከተቀየረም መልቀቂያውና የውጤት ካርዱ ዓመቱ ሲያልቅ በእጅ ይግባ።

ከእኔ እጅ የማይወጣው ምንድን ነው?

የኪራይ ውል፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር፣ ወርቅና ገንዘብ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት። በአንድ ቦርሳ ሆነው ትከሻችሁ ላይ ይዋሉ፤ መኪና ላይ አይጫኑ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት እንዴት ትለፍ?

አንድ ሻንጣ ለብቻ አዘጋጁና መጨረሻ ጫኑት፣ መጀመሪያ እንዲወርድ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆች ልብስ፣ ሳሙና፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ ቻርጀር፣ ሁለት አምፖል፣ ሻማና ክብሪት፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይግባበት። ከጎኑ ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ያዙ። ለምግቡ የተጋገረው እንጀራና ዳቦ አለ፤ በሶ ካለ ደግሞ እሳት አይፈልግም። የመጀመሪያ ሥራችሁ አልጋ መግጠም ይሁን፤ ሌላው ካርቶን ሳምንት ቢቆይ ማንም አይሞትም። ከመተኛታችሁ በፊት የበሩን ቁልፍ አስቀይሩ፤ የድሮው ቁልፍ ስንት ሰው እጅ እንዳለ አታውቁም።

ከእድሬ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ዕቃ ሁሉ ከገባ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ግን ከመውጣት በፊት ነው። አዲሱ ሰፈር ቅርብ ከሆነ በድሮው እድር መቆየት ይቻላል፤ መዋጮውን በጊዜ የሚከፍልላችሁ ሰው ካለና ቀብርና ለቅሶ መድረስ ከቻላችሁ። ከመርካቶ አካባቢ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ የገባ ሰው ግን ድንኳኑና ወንበሩ እንዴት ይደርስለታል? ሄዳችሁ ጸሐፊውን አናግሩ፣ ደንቡን አስነብቡ፣ ውዝፍ ካለ ክፈሉ። የድሮውን ከማቋረጣችሁ በፊት አዲሱ ሰፈር ያለውን እድር ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የመመዝገቢያ ክፍያ አላቸው፣ አዲስ አባል ሙሉ መብት እስኪያገኝ የሚቆይበት ጊዜም ሊኖር ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለ እድር መቆየትን ለማንም አልመኝም። ዕቁብ ያላችሁም ዙሩ ሳይዘጋ እንዳትጠፉ፤ ለዳኛው አዲሱን አድራሻችሁን ስጡ።

ከድሮ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ደግሞ ሳትሰናበቱ አትውጡ። እኔ ከአንዱ ቤቴ በሌሊት በጥድፊያ ወጥቼ ነበር። ለዓመታት ልጄን ስትጠብቅልኝ የኖረችው እማማ ጠዋት በሩን ስታንኳኳ ባዶ ቤት አገኘች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ስለቅ ከሁለት ቀን በፊት ቡና አፍልቼ እጠራቸዋለሁ። አዲሱ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው እሁድም እጣን አጭሳለሁ፣ ፈንድሻ አፈነዳለሁ፣ ከላይና ከታች ያሉትን በሮች አንኳኩቼ «ቡና ጠጡ» እላለሁ። የውሃው ፈረቃ መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ባለሱቅ በዱቤ እንደሚሰጥ፣ ለታመመ ልጅ በሌሊት መኪና ያለው ማን እንደሆነ የሚነገረኝ በዚያ ቡና ላይ ነው።